ዘጠኝ ቀጫጭን ቀለበቶች

ጉቶ አጠገብ ተንበርክኬ በመርፌ ጫፍ ቀለበት ስቆጥር አንዲት ሴትዮ ከነውሻቸው ደረሱብኝ። ቁልፍ የጠፋብኝ መስሏቸው ኖሮ ቆመው አብረውኝ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። የዛፉን ዕድሜ እየቆጠርኩ መሆኑን ነገርኳቸው። "ስንት ሆነው?" አሉኝ። ሰባ ምናምን ላይ ደርሼ ነበር፤ መልስ ልሰጥ ቀና ስል ጠፋብኝ። እሳቸው ስቀው ሄዱ፤ እኔ እንደገና ከመሃል ጀመርኩ።

ቦታው አሜሪካ ውስጥ፣ በሚሺጋን ግዛት ደቡባዊ ክፍል ያለ ተራ ጫካ ነው። ሜፕል፣ ኦክ፣ ሂከሪ የሚበዙበት፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች የሞሉበት ጫካ። ጉቶው የአሽ ነው። በሦስተኛው ቆጠራ ሰማንያ ስምንት ላይ ጨረስኩ። የገረመኝ ግን ድምሩ አይደለም። ከመሃል ጀምሮ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀለበቶች ከመቅጠናቸው የተነሳ ሁሉም ተደምረው የትንሿ ጣቴን ጥፍር አይሞሉም። አሥረኛው ላይ ነገሩ ተለወጠ። አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ሁለቱ ብቻ ከፊተኞቹ ዘጠኝ ይሰፋሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ይህ ዛፍ ሕይወቱን የጀመረው ትላልቆቹ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ቆሞ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከመሞት በላይ፣ ከማደግ በታች ሆኖ ቆየ። ከዚያ ከበላዩ አንድ ትልቅ ዛፍ ወደቀ፤ ብርሃን ገባ፤ እሱም ተፈተለከ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እንጨቱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሽ የሚባል ዛፍ ቁም ነገሬ ሆነ።

ስለ ስሙ ትንሽ ላውራ። እንግሊዝኛው ዛፉንም አመድንም "አሽ" ነው የሚላቸው። በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ "የአመድ ዛፍ" ሲል አይቼ ስቄያለሁ። ሁለቱ ቃላት ድምፃቸው ገጥሞ ነው እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ አሽ ብዬው እቀጥላለሁ። ዝምድና ካነሳን ግን ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነ ዘመድ አለው፤ ወይራ። አሽና ወይራ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ቤተሰቡ በሳይንስ የሚጠራውም በወይራ ስም ነው። ሌላም ማሳሰቢያ፦ እዚህ ጽሑፍ ላይ ክረምት ስል የበረዶውን ወራት፣ ጸደይ ስል በረዶው የሚቀልጥበትን፣ በጋ ስል የሙቀቱን ወራት ማለቴ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሽን ለመለየት መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ቅርንጫፉን ነው። አብዛኛው ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣው እያፈራረቀ ነው፤ አንዱ በግራ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላው በቀኝ። አሽ ግን እንደተዘረጉ ሁለት ክንዶች ትይዩ ለትይዩ ያወጣል። ቅጠሉም ነጠላ አይደለም፤ አንድ አገዳ ላይ ተሰካክተው የሚወጡ ትናንሽ ቅጠሎች ናቸው። በነጩ አሽ ላይ ብዙውን ጊዜ ሰባት ታገኛላችሁ፤ ሦስት ጥንድና ጫፉ ላይ አንድ ብቸኛ። ሲያረጅ ቅርፊቱ እንደ መረብ የተጠላለፈ ሸንተረር ያወጣል።

ይህን አሁን በኩራት እጽፋለሁ እንጂ መጀመሪያ ላይ ተዋርጄበታለሁ። አንድ ሰሞን ከጫካው ጫፍ ላይ ጤነኛ የሆነ አሽ አገኘሁ ብዬ ፎቶውን ለጓደኞቼ ላክሁ። "ተርፏል!" የሚል ጽሑፍ ሁሉ ጨምሬበት ነበር። ከመካከላቸው እንጨት ሥራ የሚያውቀው ወዳጄ አንድ መስመር መለሰልኝ፦ "ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ሜፕል ነው።" እውነቱን ነው። ቦክስ ኤልደር የሚባል የሜፕል ዓይነት አለ፤ ቅርንጫፉም ትይዩ፣ ቅጠሉም ተሰካክቶ የሚወጣ። ብዙ ሰው ይሸወድበታል አሉኝ። አላጽናናኝም።

በሰሜን አሜሪካ ብቻ ከአሥር በላይ የአሽ ዓይነቶች አሉ። ነጩ አሽ ውኃ የማይተኛበትን ለም መሬት ይወዳል። አረንጓዴው ወንዝ ዳር ነው። ጥቁሩ አሽ ረግረግ ውስጥ ቆሞ የሚኖር ነው፤ ሌላው ዛፍ ሥሩ በሚታፈንበት ውኃ ውስጥ። ሰማያዊው አሽ የኖራ ድንጋይ ባለበት ይበቅላል፤ ለጋ ቅርንጫፉ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ ከልጡም ሰማያዊ ቀለም ይወጣ ነበር። ጉቶዬ የነጩ ነው።

አሁን ወደ አበባው። ነጩ አሽ ወንድና ሴት አለው። አንዱ ዛፍ ወንዴ አበባ ብቻ፣ ሌላው ሴቴ አበባ ብቻ ያብባል። የሚያብበውም ቅጠል ሳያወጣ፣ በጸደይ መጀመሪያ፣ ጫካው ገና ራቁቱን ሳለ ነው። ምክንያቱም የአበባውን ብናኝ የሚያደርስለት ነፋስ ነው፤ ቅጠል ቢኖር ያግደዋል። ንብ ስለማይጠራ ለመዋብ አልደከመም። የወንዱ አበባ ጥቅጥቅ ያለች ሐምራዊ ጉብ ናት፤ የሴቷ ሳሳ ያለ ዘለላ ነው። ብዙ ሰው አሽ ሲያብብ አይቶ አያውቅም፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለማ።

ነጩ አሽ አበባ ለማውጣት ሃያ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሴቷ ዛፍ ፍሬዋን በዘለላ ታንጠለጥላለች። እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ክንፍ ብቻ አለው፤ ቅርጹ የጀልባ መቅዘፊያ ነው። ሲወድቅ እየተሽከረከረ ነው። ነፋስ ካገዘው ከእናቱ እስከ 140 ሜትር ሊርቅ ይችላል። ፍሬው በየዓመቱ እኩል አይደለም፤ አንዳንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይሸከማል፤ አንዳንድ ዓመት ምንም የለም። ወፎችና አይጦች የቻሉትን ይለቅማሉ።

እኔም ለቅሜያለሁ። ከረግረጉ ጥቁር አሽ ሥር ሃያ ፍሬ ሰብስቤ፣ ርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አከረምኩ። ዘሩ ብርድ ካላየ አይበቅልም ሲባል ሰምቼ ነበርና። በሚያዝያ በአበባ ሸክላ ዘራሁት። ግንቦት አለፈ፤ ሰኔ አለፈ፤ የለም። ሐምሌ ላይ ተናድጄ አፈሩን ሣሩ ላይ ደፋሁት፤ በማግስቱ የሣር ማጨጃው አለፈበት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የገባኝ። የጥቁሩ አሽ ፍሬ ከዛፉ ሲወድቅ ውስጡ ያለው ፅንስ ገና አልጎለመሰም። መጀመሪያ ሙቀት አይቶ ፅንሱ ማደግ አለበት፤ ከዚያ ክረምት ማለፍ አለበት፤ ከዚያ ነው የሚበቅለው። ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ማለት ነው። እኔ የደፋሁት ልክ ሙቀቱን እያየ ሥራ ላይ ሳለ ነበር። የነጩን ብዘራ ኖሮ አንድ ክረምት ሊበቃው ይችል ነበር። ግማሹን ብቻ ሰምቼ መቸኮሌ ነው ጉዱ።

ከበቀለ በኋላ ያለው ሌላው መጠበቅ ነው፤ ጉቶው ላይ ያየሁት። የነጩ አሽ ችግኝ ከሙሉ የፀሐይ ብርሃን 3 በመቶ እንኳ በማይሞላ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት መቆየት ይችላል። አያድግም፤ ግን አይሞትም። ጉልበት የማትደርስ፣ ሁለትና ሦስት ቅጠል ያላት ቀጭን በትር ሆና ትቆማለች። አጋዘን ጫፏን ይቀነጥሳታል፤ እንደገና ታወጣለች። ከላይ ክፍተት ሲፈጠር ግን ከብዙዎቹ ጎረቤቶቿ ቀድማ ትመዘዛለች። የሚገርመው፣ ይህ ትዕግሥት የልጅነት ብቻ ነው። ካደገ በኋላ አሽ ጥላ አይችልም። አናቱ ብርሃን ካላገኘ ይደክማል። ልጅ ሳለ ለማኝ፣ ሲያድግ ንጉሥ።

እንጨቱን በማጉያ መነጽር ያየ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም። በእያንዳንዱ ቀለበት መጀመሪያ ላይ በዓይን ጭምር የሚታዩ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ የመጠጥ ቀሰሞችን አስራችሁ ጫፋቸውን እንደ ማየት ነው። ዛፉ በጸደይ የሚሠራቸው የውኃ ቧንቧዎች ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ ያለው የበጋው እንጨት ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። ቀዳዳ፣ ጥቅጥቅ፣ ቀዳዳ፣ ጥቅጥቅ፤ በየዓመቱ። ስለ አሽ የማውቀው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እነዚህ ቀዳዳዎች ላይ ይደርሳል።

ለምሳሌ አሽ በጸደይ ቅጠል የሚያወጣው ከብዙዎቹ ዘግይቶ ነው። ሜፕሉ አረንጓዴ ለብሶ እሱ ደረቅ እንጨት መስሎ ይቆማል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ "ሞተ" ብዬ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ምክንያቱ ቧንቧው ነው። ሰፊ ቧንቧ ብዙ ውኃ ያሳልፋል፤ ግን ክረምት ላይ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ የአየር አረፋ ይፈጥርና ይዘጋል። ስለዚህ አሽ በየዓመቱ አዲስ የቧንቧ መስመር ዘርግቶ ነው ቅጠል የሚያወጣው። በሌላ አነጋገር፣ ይህ ግዙፍ ዛፍ አብዛኛውን ውኃውን የሚስበው ከቅርፊቱ ሥር ባለችው በመጨረሻዋ ቀጭን ቀለበት ነው። ሌላው ወፍራም ግንድ በዋናነት መቆሚያ ነው።

ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ደግሞ ለሰው ልጅ ሌላ ነገር ሆነ። አሽ ጠንካራ ሆኖ ይለመጣል፤ ሲመቱበት ንዝረቱን ይውጣል። የመጥረቢያ ዛቢያ፣ የአካፋ እጀታ፣ የጀልባ መቅዘፊያ፣ የበረዶ ሆኪ ዱላ፣ የቤዝቦል ዱላ ከሱ ተሠርቷል። ለማገዶም ተፈላጊ ነው፤ ገና ሳይቆረጥ እንኳ ውስጡ ያለው ውኃ ከሌሎች ዛፎች አነስ ስለሚል ቶሎ ይቀጣጠላል። ማገዶነቱን ደግሞ ለበኋላ አቆዩልኝ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ቅርጫቱ ነው። አኒሺናቤ፣ ሆዴኖሾኒ፣ ዋባናኪ የሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቅርጫት የሚሠሩት ከጥቁሩ አሽ ነው። በመጋዝ አይደለም። ቅርፊቱን ልጠው ግንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ ይወቅጡታል። ሲወቀጥ ያ ቀዳዳ የበዛበት የጸደይ ክፍል ይደቅቃል፤ ጥቅጥቅ ያለው የበጋው ክፍል ግን ሳይነካ እንደ ቀበቶ እየተላጠ ይወጣል። አንዱ ስንጣሪ የአንድ ዓመት ዕድገት ነው። ዛፉ የተመቸው ዓመት ወፍራም፣ የተቸገረበት ዓመት ቀጭን ስንጣሪ ይሰጣል። ቅርጫቱ ዓመታት እርስ በርስ ተሰፍተውበት ነው የተሠራው ማለት ነው። እኔ በመርፌ ጫፍ የምቆጥረውን እነሱ በእጃቸው ይፈቱታል።

ጫካው ከአሽ የሚያገኘውም ቀላል አይደለም። ቅጠሉ በጥቅምት ቀድሞ ይረግፋል፤ ናይትሮጅንና ካልሲየም ስላለው ቶሎ ይበሰብሳል። የኦክ ቅጠል መሬት ላይ እንደ ካርቶን ተነባብሮ ሲከርም፣ የአሽ ቅጠል ግን የመሬት ትሉና ፈንገሱ ተሻምተውበት አፈር ይሆናል። ጸደይ ላይ በረዶ ሲቀልጥ በሚፈጠሩት ኩሬዎች ውስጥም ገና እግር ያላወጡት የእንቁራሪት ልጆች የበሰበሰ ቅጠል ላይ ይግጣሉ። በሰሜን አሜሪካ ከ200 በላይ ዓይነት ነፍሳትና መሰሎቻቸው አሽን ይመገባሉ፤ ከነሱ ከ40 በላይ የሚሆኑት ሌላ ዛፍ አያውቁም። አሽ ከሌለ የሉም።

ረግረጉ ላይ ደግሞ ጥቁሩ አሽ የውኃ መምጠጫ ፓምፕ ነው። በሚኒሶታና በሚሺጋን ተመራማሪዎች ዛፎቹን ሆን ብለው ገድለው አይተውታል፦ አሽ ሲሞት የሚመጥ ስለሚጠፋ የመሬቱ ውኃ ከፍ ይላል። ውኃው ከፍ ሲል ሌላ ዛፍ በቦታው ለመብቀል ይቸገራል። ጫካ የነበረው ቀስ በቀስ ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ የሞላበት ረግረግ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን "ሲሞት" እያልኩ አልፌዋለሁ። አሁን ልናገረው።

ጉቶው አጠገብ ሳይቆረጥ የደረቀ ሌላ አሽ ቆሟል። ቅርፊቱን በጣቴ ፈልቀቅ ሳደርገው እንደ አሮጌ ቀለም ተገንጥሎ ወጣ። ከሥሩ ያለው እንጨት በሙሉ በተጠማዘዘ ቦይ ተሞልቷል፤ እባብ የሄደበት አሸዋ ይመስላል። ቦዩ ውስጥ የታመቀ ቡናማ ዱቄት አለ። ቅርፊቱ ላይ ደግሞ ሦስትና አራት ሚሊሜትር የምትሆን ቀዳዳ፤ ክብ ሳትሆን አንድ ጎኗ ቀጥ ያለ ግማሽ ክብ። ከዚያች ቀዳዳ የወጣችው ጢንዚዛ ጀርባዋ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው ቀዳዳዋም አንድ ጎኗ ቀጥ ያለው።

ጢንዚዛዋ ታምራለች፤ ልዋሽ አልችልም። ቁመቷ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ፣ አረንጓዴዋ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ። ጎልማሳዋ ቅጠል ትቀነጥባለች እንጂ ያን ያህል አትጎዳም። ጉዳቱ ያለው እጯ ጋ ነው። እንቁላሏን ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች፤ እጩ ተፈልፍሎ ወደ ውስጥ ይገባና ምግብ የሚወርድበትን ልጥ ይበላል። እየበላ ይጠማዘዛል፤ እየተጠማዘዘ ውኃ የምትወጣበትን ያቺን የመጨረሻ ቀለበትም ይፍቃል። ብዙ እጮች ሲሆኑ ግንዱ ዙሪያውን ይታረዳል። ምግቡም ውኃውም ይቆማል። አማርኛችን ሞት የተፈረደበትን "ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ" ይለዋል። የዚህ ዛፍ ግን ልጡ የተበላ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት ዓመት ያልቃል።

የመጣችው ከምሥራቅ እስያ ነው። ቻይና፣ ኮሪያ፣ የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ አገሯ ነው። እዚያ ያለው የማንቹሪያ አሽ ለረጅም ዘመን አብሯት ስለኖረ መከላከያ አለው፤ በአብዛኛው የምታጠቃው የደከመውን ዛፍ ብቻ ነው። የአሜሪካው አሽ ግን አይቷት አያውቅም። በእንጨት ማሸጊያ ሳጥን ተሳፍራ ዲትሮይት አካባቢ ሳትደርስ አልቀረችም። ማንነቷ የታወቀው በ2002 ነው። ከዚያ ተመራማሪዎች የሞቱትን ዛፎች ቀለበት እያነጻጸሩ ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ በ1997 ዛፎች እየሞቱ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚያው ነበረች። ወደ አሥር ዓመት ያህል ማንም አላያትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በክንፏ ብቻ ብትሄድ ኖሮ ይህን ያህል ባልፈጠነች። ማገዶውን አቆዩልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ሰው ለካምፕ ሲወጣ መኪናው ላይ የሚጭነው ያ ቶሎ የሚቀጣጠል እንጨት እጮቿን ይዞ መንገድ ጀመረ። ዛፉን ተወዳጅ ያደረገው ነገር ገዳዩን አጓጓዘ። እገዳ ወጣ፤ ቅጣት ተጣለ፤ በ2021 የፌዴራል መንግሥቱ መቆጣጠሩ አልሠራም ብሎ እገዳውን አነሳ። በ2022 በምዕራብ ጫፍ፣ ኦሪገን ላይ ተገኘች። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር አሽ ሞቷል። መጀመሪያ በተመታው በደቡብ ምሥራቅ ሚሺጋን በተጠኑ ጫካዎች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው አሽ አለቀ። በ2017 ነጩ፣ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ፣ ሰማያዊውና ፓምፕኪን አሽ የሚባለው፣ አምስቱም በዓለም አቀፉ የቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገቡ።

ከተሞቹ ላይ የደረሰው የባሰ ያናድዳል። ድሮ የአሜሪካ መንገዶች ዳር ኤልም በሚባል ዛፍ የተሞላ ነበር። እሱን በ1930ዎቹ የገባ የፈንገስ በሽታ ፈጀው። በምትኩ ምን ተተከለ? በብዛት አረንጓዴው አሽ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ጠንካራ ነው ተብሎ። ሙሉ ሰፈር አንድ ዓይነት ዛፍ ካለቀበት በኋላ እንደገና ሙሉ ሰፈር በአንድ ዓይነት ዛፍ ተተከለ። ከድጡ ወደ ማጡ። አሁን ከተሞች ግንዱ ውስጥ መድኃኒት እየወጉ አንዳንዱን ያድናሉ፤ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ መደገም አለበት። ለአንድ ጓሮ ዛፍ አሪፍ ነው። ለጫካ ግን ማን በመርፌ ይዞርለታል?

"ጫካው ራሱን ያድሳል" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በዚህ አባባል ትንሽ እበግናለሁ፤ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው። የአሽ ክፍተት ባዶ አልቀረም። ሜፕል ሞልቶታል፤ ከውጭ የመጡ ቁጥቋጦዎችም ገብተውበታል። ግንደ ቆርቁር ለጥቂት ዓመታት ሠርግና ምላሽ ሆነለት፤ እጩን ፍለጋ ቅርፊቱን እየላጠ ግንዱን ነጣ ያደርገዋል። ዛፉ መታመሙን ከሩቅ የምናውቀውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ጫካ አለ። አሽ ነው የሌለው።

የለም ስል ደግሞ ልክ አይደለሁም። ጉቶው ዙሪያ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ስምንት ትናንሽ አሾች አግኝቻለሁ። ከጉልበት እስከ ትከሻ የሚደርሱ። ጢንዚዛዋ ከአውራ ጣት በቀጠነ ግንድ ላይ ብዙም አትደርስም፤ እጯ የሚበላው በቂ ልጥ የለውምና። ስለዚህ ትላልቆቹ ሲያልቁ ችግኞቹ ቀሩ። የአሽ ዘር አፈር ውስጥ ከጥቂት ዓመት በላይ አይቆይም። እናቶቹ ከሞቱ በኋላ አዲስ ዘር ስለማይጨመር፣ እነዚህ የመጨረሻው ሰልፍ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ወላጅ አልባ ትውልድ ይሏቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ዘጠኙ ቀለበቶች ትርጉማቸው የተለወጠብኝ። ለዚህ ዛፍ ጥላ ፈተና፣ ብርሃን ዕድል ነበር። ዘሩም፣ ችግኙም፣ መጠበቁም ሁሉ የተሠራው ለአንዲት ክፍተት ነው። አሁን ክፍተቱ ሞልቶ ተርፏል፤ ትላልቆቹ አሾች ራሳቸው ሞተው የተዉት ነው። ችግኙ ብርሃን አገኘ፤ አደገ፤ ወፈረ። ሲወፍር ታየ። ጥላ ውስጥ የነበረው ቀጭን በትር ነበር የተደበቀው። አሁን ጥያቄው ጢንዚዛዋ ከመድረሷ በፊት ዘር ያፈራል ወይ የሚለው ነው። ሃያ ዓመትን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ጥሩ ብርሃን ያገኘ ወይም ከጉቶ ያቆጠቆጠ ቀድሞ ሊያብብ ይችላል። ግን እሷም አትተኛም።

አጋዥ የለም ማለት አይደለም። ከ2007 ጀምሮ ከእስያ የመጡ በጣም ትናንሽ ተርቦች ተለቀዋል። ሰውን አይነድፉም፤ አንዷ እጩ ላይ፣ ሌላዋ እንቁላሉ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። እጩ ላይ ከሚሠሩት አንዷ በቀጫጭን ዛፎች ላይ ጎበዝ ናት፤ ቅርፊቱ ሲወፍር ግን እንቁላል መጣያዋ አጥሮ አይደርስም። ስለዚህ የምትጠብቀው ወጣቶቹን ነው፤ ልክ እኔ የምቆጥራቸውን። ሌላም አለ። ሁሉም በሞተበት ጫካ ውስጥ አልፎ አልፎ ሳይሞቱ የቀሩ ትላልቅ አሾች ተገኝተዋል። ኦሃዮ ውስጥ ተመራማሪዎች የነሱን ቅርንጫፍ ወስደው እያዳቀሉና እጩን የትኛው እንደሚገድል እየፈተኑ ነው። ሰማያዊው አሽም ከሌሎቹ በተሻለ ቆሟል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጢንዚዛዋ ናት የምትወስነው።

ከስምንቱ አንዱ ከጉቶው በስተሰሜን፣ ከወደቀ ኦክ አጠገብ የቆመ ነው። ስድስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። መጀመሪያ ሳገኘው ቁመቱ ትከሻዬ ጋ ነበር፤ አሁን ግንዱን ለመጨበጥ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። በሄድኩ ቁጥር ቅርፊቱን ከታች እስከ ላይ በጣቴ እየዳበስኩ ያቺን ግማሽ ክብ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። እስካለፈው ጥቅምት አላገኘሁም። አጋዘን ቀንድ ያሻሸበት ጠባሳ ነው ያለው፤ እሱም ድኗል።

ዘንድሮ በሚያዝያ መጀመሪያ ስሄድ ጫካው ገና ራቁቱን ነበር። ከሩቅ ጫፉ ላይ የሆነ ጥቁረት አየሁ። ቅጠል እንዳይሆን ጊዜው አይደለም። የምደርስበትን ቅርንጫፍ ቀስ ብዬ ጎተትኩት። ጥቅጥቅ ያለች ሐምራዊ ጉብ። ጣቴን ሳስነካት ቢጫ ብናኝ ቀረብኝ።

ወንድ ነው።

ትንሽ ቆሜ ሳቅሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፍሬዋን ስጠብቅ የኖርኩት ወንድ ዛፍ ሥር ነው። ከዚያ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አየሁ፤ ወደ ምሥራቅ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ በእርምጃ ስቆጥረው ስልሳ ሁለት፣ ከስምንቱ ሌላኛው አለ። ከዚህኛው ይቀጥናል። እንቡጦቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ገና አላበበም።